መዝሙሩ ለምን ዘገየ

እሁድ ጠዋት ኦርጋኑ ፊት ስቀመጥ ግማሹ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ምን ልደብቅ! እግሬ መርገጫውን ሲረግጥ፣ ንፋሱ ከአሮጌው ሳጥን ውስጥ ሲነሳ፣ በስተቀኝ ካለው መስኮት የሚገባው ብርሃን ቀስ እያለ ጣቶቼ ላይ ሲወጣ፣ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህች ትንሽ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያለ እኔ ተጀምሮ አያውቅም። እንጀራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ስሜ ግን "እትዬ ኦርጋን" ነው።

ጀርባዬ ለሕዝቡ፣ ፊቴ ለግድግዳው ነው። ቃላቸውን አልሰማም፤ የምሰማው ትንፋሻቸውን ነው፤ መቼ እንደሚስቡ፣ መቼ እንደሚያወጡ። አብረው ሲተነፍሱ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስለኛል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ጣሪያው ከፍ ይላል፣ እኔም ከነወንበሬ እንሳፈፋለሁ። አትሳቁብኝ፣ እውነቴን ነው።

አንድ እሁድ እንደዚያው ስንሳፈፍ አንድ ድምፅ ጥሎን ሄደ።

አብሮን የሚያመልከው የአናጺው ወንድም ነበር። የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ሲቀናው ነው፤ ያን ቀን ከዓመት በኋላ ብቅ ማለቱ ነው። ድምፁ ፍሬን የለውም። እኛ አንቀጹ መሃል ላይ ስንሆን እሱ ጨርሶ አዝማቹን ብቻውን ጀመረው። ከዚያ ደንግጦ ዝም አለ። ከኋላዬ የሆነ ሰው ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ።

ከአገልግሎት በኋላ ግቢው ውስጥ ቆመን ሰላም ስንባባል ሹፌሩ መጣና፣ "ምን ነካችሁ እናንተ? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ? ድሮ እንዲህ ነበር የምትዘምሩት?" አለ። አናጺው በክርኑ ጎሰም አደረገው። አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ ፋርማሲ የምትሠራዋ፣ እኔን ከማየት መሬት መሬቱን ማየት መረጠች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተደበቀ ስፌት ከሩቅ ይታየኛል።

ጣቶቼን አየኋቸው። ቁርጥማት ከያዘኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል። መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ ይህችው የእህቴ ልጅ ናት፤ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት አሥር መርፌ አዘጋጅታ መሰኪያው ላይ ደርድራልኝ ትሄዳለች። መርፌው ላይ ማርጀቴን ተቀብያለሁ። ኦርጋኑ ላይ ግን አልዘገየሁም ብዬ እምል ነበር። ሕዝቡ አብሮኝ ነበራ!

እኛ ሜቶዲስቶች አንድ የቆየ ልማድ አለን። በሳምንት አንድ ቀን አሥር አሥራ ሁለት እየሆንን እንሰበሰባለን፤ መሪያችንም እያንዳንዳችንን "ነፍስህ እንዴት ናት?" ብሎ ይጠይቃል። ለሰላምታ ያህል አይደለም፤ መልስ ይፈልጋል። የእኛ መሪ አናጺው ነው። ሐሙስ ከሥራ በኋላ እሱ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሰጋቱራው ገና ሳይጠረግ፣ ያላለቁ ወንበሮች ላይ እንቀመጣለን።

"እትዬ፣ ነፍስዎ እንዴት ናት?" አለኝ።

ሁልጊዜ "ደህና ናት፣ ጌታ ይመስገን" ነበር የምለው። ያን ቀን ግን "ተናዳለች!" አልኩት። "ነፍሴ ተናዳለች። በቁሟ ተሞኝታለች። ማነው መዝሙሩን የሚያዘገየው?"

አናጺው ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"ሁላችንም ነን፣ እትዬ" አለ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ረቡዕ ረቡዕ የመዝሙር ልምምድ ቀርቷል የተባልኩት ውሸት ነበር። ከዓመት በላይ ያለ እኔ ሲሰበሰቡ ኖረዋል። የሚለማመዱትም መዝሙር አይደለም፣ መዘግየት ነው! አናጺው ጠረጴዛ እየመታ ልክ ያስይዛቸዋል፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ "አይ፣ እዚህ ጋ አክስቴ ትንሽ ትቆያለች" እያለች ታርማለች። ጉድ በሉ!

"ሳትነግሪኝ?" አልኳት፣ አጠገቤ ወደ ተቀመጠችበት ዞሬ።

"ምን ብዬ ልንገርሽ፣ አክስቴ?" እንባዋ መጣ። "ከዚያ ወንበር ብትነሺ የምትሞቺ መሰለኝ።"

ያናደደኝ ደግሞ ይኸው ነው፤ ለእኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ተነስቼ ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ወደ በሩ ሄድኩ።

"እትዬ፣" አለ አናጺው ከኋላዬ፣ "እሁድ የኪዳን እሁድ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።"

"ስብከትህን ለራስህ!" ብዬው ወጣሁ።

በዓመቱ የመጀመሪያ እሁድ፣ በኪዳን እሁድ፣ ሁላችንም ቆመን ራሳችንን እንደ አዲስ ለእግዚአብሔር የምንሰጥበት ጸሎት አለ። ሥራ ብትሰጠኝ እሺ፣ ከሥራ ብታሳርፈኝም እሺ ነው ነገሩ ባጭሩ። እኔ ግን ብዬው አላውቅም። ሕዝቡ ሲጸልይ ከሥር ቀስ አድርጌ የምመታው እኔ ነኛ! ሠላሳ አንድ ኪዳን አጅቤ አንዱንም አልገባሁም። አሁን ወንበሩን ልልቀቅ ብል፣ ያን ቃል በራሴ አፍ ማለት ሊኖርብኝ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት መኪናዬ ላይ ደፋ እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ሕዝቡ ሁሉ አንድ ትልቅ ነጭ ጨርቅ ዙሪያውን ይዞ ቆሟል። እኔ መሃሉ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ከምድር አንስተውኛል። ደስ ይላል፣ ነፋሻ ነው። ዝቅ ብዬ ሳይ ግን ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። "ደከማችሁ እንዴ?" ስላቸው "ኧረ የለም!" ይላሉ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። "ኧረ የለም፣ እትዬ!"

ስነቃ ንዴቱ ለቆኛል። ፍርሃቱ ግን አለ። ከዚያ ወንበር ስነሳ ምን ልባል ነው? ማን ነኝ? ጨርቁን ሳልጨርስ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

እሁድ ጠዋት የእህቴን ልጅ በክንዷ ይዤ ኦርጋኑ ጋ ወሰድኳት። መምታት ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

"ቁጭ በይ" አልኳት።

"አክስቴ!"

"ቁጭ በይ ነው የምልሽ። ደግሞ እንዳታዘግዪ።"

ዘወር ስል ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ባዶ ቦታ የነበረው ሹፌሩ አጠገብ ብቻ ነው፤ መቼም የእኔ ነገር! "ይቅር ይበሉኝ፣ አላወቅሁም ነበር" አለኝ በሹክሹክታ። "ዝም በልና ጠጋ በል" አልኩት።

ከዚያ ሆኜ ሳየው ቤቱ ሌላ ቤት ሆነብኝ። ብርሃኑ ከእኔ ጣቶች ይልቅ የሰዉ ትከሻ ላይ ነው ያረፈው። መጋቢው ሲያስጀምረን ተነሳን። ሥራ ብትሰጠኝ የሚለውን ከሁሉም ጋር አልኩ። ብታሳርፈኝ የሚለው ጋ ስንደርስ ምላሴ ተሳሰረ፤ ሕዝቡ አልፎኝ ሄደ። ዘግይቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ "እሺ" አልኩ። ሙሉ በሙሉ ከልቤ ነበር ብል ውሸት ነው። ግማሹ ግን ከልቤ ነበር።

ከዚያ የእህቴ ልጅ መዝሙሩን ጀመረች፤ ፈጠን አድርጋ፣ እንደ ድሮዬ። ስንት መቶ ጊዜ እንደመታሁት እንጃ፣ ጣቴ በእንቅልፍ ልቡ ያውቀዋል። አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያዋን መስመር አልኩና ቆምኩ። ቃሉን አላውቀውም! እትዬ ኦርጋን መዝሙሩን አታውቀውም!

ሹፌሩ አየኝ። ሳይስቅብኝ መጽሐፉን ወደ እኔ አዘነበለና በወፍራም ጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ ያሳየኝ ጀመር። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ ይል ኖሯል፦ "በእጄ ያለውን ብትወስድ እንኳ፣ እጄን ግን አትለቅም።"

ወይኔ ሞኟ! እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ዘመን ከጀርባዬ ቆመው ሲነግሩኝ ኖረዋል፤ እኔ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። የተጣመሙትን ጣቶቼን መጽሐፉ ላይ ጣል አድርጌ እያለቀስኩ ዘመርኩ። ድምፄ ይሰነጠቃል። ይሰንጠቅ።