ያልተሞከረችው ጠመንጃ

አባቴና ባሌ ሲከባበሩ ያየ ሁሉ ይቀናብኛል። እንዲህ ያለ መከባበር ጥንቅር ይበል! ተጋብተን ስንት ዓመታችን፣ አባቴ ዛሬም ባሌን ሉቃስን «እርስዎ» እንዳለ ነው። ሉቃስም አማቱ ባለበት ቀና ብሎ አይናገር፣ እህል ከጉሮሮው አይወርድ።

ባሌ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ወረታ አስፋልቱ ዳር ቶርኖ ቤት አለው። የወፍጮ ዘንግ ይሁን የሩዝ መፈልፈያ፣ ተሰብሮ የመጣለትን ሁሉ ቆርጦ፣ ሞርዶ ይመልሳል።

ባለፈው ጥቅምት የአባቴ ባልንጀራ አያ አማረ በጠና ታመሙ። በወጣትነታቸው ከአባቴ ጋር አንዲት ጠመንጃ በጋራ ገዝተው፣ ማሳቸውን ሲጠብቁባት የኖሩ ናቸው። ቀጭን አሮጌ ናት፤ ጥይቷም ትንሽዬ። ቃላቸው ደግሞ አንድ ነው፦ ቀድሞ የሞተውን፣ የቀረው በዚያችው ጠመንጃ ተኩሶ ይሸኘዋል። አባቴ ከተሰቀለችበት አውርዶ ቢያያት፣ ጥይቷን የሚመታው መርፌ ጫፉ ተሸርፏል።

«አምሳል፣ ይችን ለባልሽ ስጭልኝ። ሥራ ካልበዛባቸው ነው እንግዲህ» አለኝ።

«ራስህ አትነግረውም? አፍ የለህም?»

«ኧረ ነውር ነው!»

ሉቃስ መርፌውን አውጥቶ አገላብጦ አየው። «ጫፉ ወደ ዳር ሄዷል፤ ተጣሞ መሰለኝ» አለ። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ጠመንጃዎች የጥይቱን መሀል እንዲመታ አድርጎ አዲስ ሠራ። ሥራውስ ያምር ነበር።

«አባዬን ለምን አትጠይቀውም?» አልሁት።

«አምነው ሰጥተውኝ ምኑን እጠይቃለሁ? አያውቅም ይሉኛል እኮ።»

አባቴም እጅ ነስቶ ተረከበ። ጓሮ ወስጄ «ሞክራት እንጂ» ስለው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «እሳቸው የሠሩትን ልሞክር? ልሰድባቸው ነው?» አለኝ። ተውሁት።

አያ አማረ በኅዳር፣ ሩዝ አጨዳ ላይ አረፉ። የፎገራ ሰው ማጭዱን ጥሎ መጣ፤ ከሐሙሲት ሳይቀር መጣ። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርስ ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆመ። አስለቃሿ የሁለቱን ባልንጀርነት እያነሳች አንጀታችንን በላችው። አባቴ ብቻውን መሀል ገባና ጠመንጃዋን ወደ ሰማይ አነሳ።

ቀጭ።

ሌላ አጉርሶ ደገመ። ቀጭ። የያዘውን ጥይት ሁሉ ሞከረ። ከሟች ወገን አንዱ «ከሸፈበት!» ሲል ሰማሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ! ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ። ሉቃስን ባየው አንገቱን ደፍቶ ላብ በላብ ሆኗል።

አባቴ ጠመንጃዋን ቀስ ብሎ አወረዳት።

«እጄ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጠመንጃዋ ደህና ናት። እጄ አርጅቶ ነው፤ ይቅር በሉኝ።»

ማንም አላመነው። ባሌን ሊሸፍን እንደዋሸ እኔ ገባኝ፤ ሉቃስም ገባው። አያ አማረ ያለ ተኩስ ተቀበሩ።

ከቀብር መልስ ሉቃስ ጠመንጃዋን ለምኖ ቶርኖ ቤት ወሰዳት። ያልፈነዱትን ጥይቶችም ለቅሞ ነበር፤ ሁሉም ታች መሀላቸው ላይ ተጎድጉደዋል። ማንገቻዋ ላይ ግን አባቴ ለጌጥ የሰፋው የተተኮሰ ቀለህ አለ። እሱ የተመታው ዳሩ ላይ ነው። የዚህች ጥይት እሳት የሚጫረው ዳሯ ሲመታ ነው ለካ! የድሮው መርፌ አልተጣመመም ነበር፤ አሠራሩ ነው።

«አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው ኖሮ...» ብሎ ግንባሩን መታ።

«አንድ ጊዜ ብትጠይቀው! እሱስ አንድ ጊዜ ቢሞክራት ምን ነበረበት? ጨዋ ሁላ!» ብዬ ጮኽሁበት። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሰው ፊት እንዴት እንደምወጣ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ መርፌውን እንደገና ሠራውና አባቴ ቤት ሄድን። ሉቃስ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አባቴ፣ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። እርስዎን ሰው ፊት አዋረድሁዎ። አሁን ተስተካክላለች። እባክዎ እዚሁ ፊቴ ይሞክሯት፤ ጥይቶቹም እነዚህ ናቸው።»

አባቴ ጠመንጃዋን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስተኛት።

«እግዜር ይስጥዎ» አለው። «አሁን ለማን ብዬ ልተኩስ?»