የዝናሽ እንጆሪ

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ሙላቴ ወደ እህቱ ማሳ ገባና አንዱን እሾሃማ ዘንግ በጅራፉ እጀታ ገለጥ አድርጎ ከሥር እስከ ጫፍ ተመለከተው። ቅጠል ነው። ሌላውንም ገለጠ፤ ቅጠል ነው። ዝናሽ ከካቡ ሥር ቆማ የወንድሟን ጀርባ እያየች ምን እንደሚል ትጠብቅ ነበር።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ ሳይዞር። «ዘንድሮም ይኸው ነው እንግዲህ?»

«ገና ጊዜው አልደረሰም።»

«አምናም እንዲሁ ብለሽኛል።»

እውነቱን ነው፤ ብላዋለች። ካች አምናም ብላዋለች።

ዝናሽ ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ አሠሪዋ ከገበያ በትንንሽ ሣጥን እያስመጣች ለልጆቿ የምታበላው ቀይ ፍሬ ነበር። ራስቤሪ ይሉታል። ዝናሽ መጀመሪያ ያጠበችው ዕለት አንዷን ሰርቃ ብትቀምስ ክው አለች። በልጅነቷ ከጉና ሥር፣ ከወንዙ ዳር እየለቀመች የበላችው የዱር እንጆሪ የሥጋ ዘመድ ነው። አገሯ ከገባች በኋላ ችግኙን አፈላልጋ ከባሕር ዳር አስመጣች፤ አባቷ አያ ይሻውም ከቤታቸው ጀርባ ያለውን የገብስ ማሳ ሰጧት። ማሳውን እሷ በስደት ሳለች ያርሰው የነበረው ሙላቴ ነው። ያን ጊዜ አልከፋውም፤ የአባቱን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው እህቱ መሆኗን ያውቃል። ግን ከዚያ ወዲህ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል፤ ልፋቱ የእሱ፣ ግማሹ ምርት የሌላ። የገዛ አባቱ መሬት ደግሞ እሾህ ተሸክሞ ከፊቱ ተኝቷል።

የሰነፍ ማሳ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከበደ። ዝናሽ ፍግ ታለብሰዋለች፣ ከምንጩ ቦይ ቀዳ ታጠጣዋለች፣ አረም አታሳድርበትም። ኅዳር ሲመጣ ደግሞ አሮጌውን ዘንግ ሁሉ ከሥሩ አጭዳ ማሳውን እንደ ተላጨ ራስ ታጸዳዋለች፤ በስልኳ ያየችው ቪዲዮ እንዲያ አድርጉ ይላል። ወዲያው ሌላ ያቆጠቁጣል፤ ለፋሲካ የሰው ቁመት ይደርሳል። ፍሬው ግን እዚህም እዚያም ከጫፍ ጫፍ ላይ የምትታይ እፍኝ የማትሞላ ነገር ናት።

በዚያው ሳምንት አያ ይሻው ሁለቱን ልጆቻቸውን አስቀምጠው ቁርጡን ተናገሩ።

«እስከ ግንቦት ልደታ ይጠበቅ። እስከዚያ የሚረባ ፍሬ ካላየሁ ሙላቴ ያርሰዋል። ለሁለታችሁም አባት ነኝ።»

«እሺ፣ አባባ፤ እንዳሉት ይሁን» አለች ዝናሽ። ሙላቴ ነጠላውን አጣፋ።

በማግሥቱ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ደሳለውን ለምና አመጣችው። ደሳለው ሙያውን አክባሪ ጎልማሳ ነው፤ የማያውቀውን አውቃለሁ አይልም። አፈሩን በመዳፉ ጨብጦ ለቀቀው፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ እንዳለ ዞሮ አየ፤ የጎረቤቱ ባሕር ዛፍ ጥላው የት ድረስ እንደሚደርስ ጠየቃት።

«ፀሐይ አላነሰውም፤ ውሃም አይተኛበትም» አለ። «ፍግ ግን አብዝተሻል፣ እህቴ። ፍግ ሲበዛ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ቅጠል ይሄዳል።»

«ንብ አጥቶ ይሆን? ሰዉ ድንቹን መድኃኒት እየረጨ ንቡ አልቋል ይላሉ።»

«አበባው ብዙ ነበር?»

«የለም። ጥቂት ናት።»

«እንግዲያ ንቡ ምን ያድርግ። ያላበበውን ማን ያዳቅለዋል? ጥፋቱ ከአበባው በፊት ነው።» ዘንጎቹን ትክ ብሎ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ። «ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ይህን ተክል እኔም በስሙ ነው የማውቀው። ደብረ ታቦር ወርጄ የሚያውቁ ልጠይቅልሽ።»

ወረደ፤ ግን ልደታ እስኪደርስ አልተመለሰም። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ስለተቋረጠ በስልክም አልተገኘም።

ዝናሽ ፍግ መስጠቷን አቆመች። ለውጥ የለም። ማለዳ ማለዳ በዘንጎቹ መካከል እየተመላለሰች ጫፍ ጫፉን ታያለች። ትናንት ቀልታ ያየቻት ፍሬ ዛሬ የለችም። ወፍ ነው ብላ ልታልፈው ሞከረች። ከዚያ አንድ ማለዳ የወንድሟ ሚስት እቴነሽ ከካቡ ዳር አንገቷን አስግጋ ወደ ማሳው ስትመለከት አየቻት። እቴነሽ እንዳየቻት ፊቷን መልሳ ሄደች። ሌላም ቀን እንዲሁ ሆነ። ዝናሽ ለማንም አልተናገረችም፤ ነገሩን በሆድዋ ይዛ አከረመችው፤ ሆድ ውስጥ የከረመ ነገር ደግሞ ያብጣል።

ልደታ ደረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ወጉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ፤ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ አያ ይሻው መርቀው ሰጡ። ዝናሽ ድርሻዋን ሳትነካ ይዛ ተቀምጣለች። ነገ ማሳው ይታረሳል። ያን ጊዜ ሙሉ የምትባለው የሙላቴ ትንሿ ልጅ ከቤታቸው በኩል እየሮጠች መጥታ አክስቷ ጭን ላይ ወደቀች። የዝናሽ ነጭ ቀሚስ ላይ አምስት ቀይ የጣት አሻራ ቀረ። ዝናሽ የልጅቷን አገጭ ቀና አደረገች። ከንፈሯ፣ ጥርሷ፣ ጉንጯ ቀልቷል። ሽታውን ከኩዌት ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ማሳዬን የሚያራቁተው ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አለች።

ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ሰዉ ግን ሁሉም ሰማ። ንፍሮ የሚያድሉት እማማ ፈንታነሽ ሰፌዱን ይዘው ባሉበት ቆሙ።

«ምን አልሽ?» አለች እቴነሽ።

«ሰምተሽኛል። ማለዳ ማለዳ ካቡ ሥር ምን ታደርጊ ነበር? ወንድሜ ፍሬ የለውም እያለ መሬቴን ሊያርስ፣ ሚስቱ ለቅማ ለልጇ ታበላለች።»

ሙላቴ ብድግ አለ። እቴነሽ በእጇ መለሰችውና ወደ ዝናሽ ሄደች።

«ተነሺ፤ ላሳይሽ» አለቻት።

ክንዷን ይዛ በሰዉ መካከል አሳልፋ ወሰደቻት። ከእነሙላቴ ማድ ቤት ጀርባ፣ ከጥጃው ጋጣ አጠገብ፣ ማንም የማይንከባከበው አንድ ቁጥቋጦ አለ። እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ ግማሹ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ፍሬው ከመክበዱ የተነሳ ዘንጎቹ መሬት ነክተዋል።

«ስትተክዪ ደረቀ ብለሽ ከካቡ ውጭ የወረወርሽው ነው» አለች እቴነሽ። «ሥሩ እርጥብ ነበር። ለጥጃው አጥር ይሆናል ብዬ ሸጎጥኩት። ፍግ አልሰጠሁትም፣ ማጭድም አልነካውም፤ የት ጊዜ አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ያንቺ ተለፍቶበት ባዶውን ቆሞ፣ የኔ ጋጣ ሥር አፈራ ልበልሽ? ቡዳ ናት እንድባል? ማለዳ የምታዪኝ ያንቺም ይዞ እንደሆን ላይ ነው። ቢይዝ እነግርሽ ነበር። እሱን ስጠብቅ ሌባ አልሽኝ።»

ዝናሽ ፊቷን ልትሸሽግ ጎንበስ ያለች መሰለ፤ ግን ጎንበስ እንዳለች ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ቀረ። ፍሬ የያዘውን ዘንግ በጣቷ እየተከተለች ወደ ሥሩ ወረደች። ቡናማ ነው፤ ልጡ ተሰነጣጥቋል። ሌላ ያዘች፤ እሱም ቡናማ። ከአጠገቡ የበቀለው አረንጓዴ፣ ለስላሳ ዘንግ ቅጠል ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ማሳዋ። አንድም ፍሬ የለበትም።

«ያምናው ነው የሚያፈራው» አለች ለራሷ። «የዘንድሮው ለከርሞ ነው።»

ኅዳር ኅዳር አሮጌ ነው ብላ ከሥሩ ያጨደችው የከርሞውን ፍሬ ነበር። እዚያው ጋጣው ጭቃ ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል ሙላቴ ከማድ ቤቱ ጥግ ቆሟል።

«ነገ አርሳለሁ» አላት።

በማግሥቱ ዝናሽ መጀመሪያ የሄደችው ወደ እቴነሽ ነው። ይቅር በዪኝ አለቻት። እቴነሽ በረት እየጠረገች ነበር፤ መጥረጉን አላቆመችም።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች። «በሰው ፊት ነው ያልሽኝ።»

ከዚያ ዝናሽ ከማሳዋ በኩል የበሬዎቹን ድምፅ ሰማች። ስትደርስ ሙላቴ ሁለት ትልም አውጥቷል፤ ዘንጎቹ ከነሥራቸው ተገልብጠው ቅጠላቸው አፈር ለብሷል። ዝናሽ ሮጣ ከበሬዎቹ ፊት ቆመች። የቀኙ በሬ ትንፋሽ ደረቷ ላይ ሞቀ።

«ዞር በዪ» አለ ሙላቴ።

«አንድ ዓመት ስጠኝ፣ ወንድምዓለም። ዘንድሮ አልቆርጠውም። ጥፋቱ የማጭዴ ነው።»

«ፍግ በዛበት አልሽ፤ ታገስኩ። ንብ አጣ አልሽ፤ ታገስኩ። አሁን ደግሞ ማጭድ አልሽ። ሚስቴን ሌባ ብለሽ አድረሽ ነው ዓመት የምትለምኚኝ?»

ጅራፉን አነሳ፤ በሬዎቹን ሊነዳ ነው፤ እሷ ግን አልተነቃነቀችም። በሬው ራሱን ወዘወዘ፤ ቀንበሩ ተንቋቋ። አያ ይሻው በትራቸውን ተደግፈው ከካቡ ዳር ደርሰው ነበር። የተናገረችው ከኋላቸው የመጣችው እቴነሽ ናት።

«ግማሹን ተውላት፣ ሙላቴ።»

ባሏ ዞሮ አያት።

«ለእሷ ብዬ አይደለም» አለች እቴነሽ፤ ዝናሽን አላየቻትም። «እንደተቀየምኳት ነኝ። ግን የጋጣው እንጆሪ ቡናማው ዘንግ ላይ ማፍራቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን አላየሁም አልልም።»

አያ ይሻው በትራቸውን ዘርግተው በማሳው ወገብ ላይ መስመር አሳዩ። «ከዚህ በላይ ገብስ። ከዚህ በታች እስከ ከርሞ ልደታ አይነካ።»

ደሳለው ከደብረ ታቦር የመጣው ሰኔ ሲገባ ነው። ተክሉ ሁለት ዓይነት ነው ብለውታል፤ አንዱ በዚያው ዓመት በወጣው ዘንግ ያፈራል፣ ሌላው ዓመት ባለፈው ላይ። ቪዲዮው የመጀመሪያውን ነው የሚያሳየው፤ የዝናሽ ሁለተኛው ነው። «ፍሬ ሰጥቶ የጨረሰውን ብቻ ቁረጪ» አላት።

መስማቱ ቀላል ነበር፤ የከበደው ኅዳር ነው። ቅጠሉ ረገፈ፣ ዘንጉ ጠቆረ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ጫፍ ጫፉን አቃጠለው። ከላይ የሙላቴ ገብስ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፤ ከታች የእሷ ማሳ የተቃጠለ ጫካ መስሏል። መንገደኛው ቆሞ እያየ ያልፋል። አንድ ቀን ሞቷል ብላ ማጭድ አነሳች፤ ለማረጋገጥ ልጡን በጥፍሯ ብትፍቀው ውስጡ አረንጓዴ ነው። ማጭዱን ሰቅላ ገባች።

መጋቢት ላይ ከቡናማው ዘንግ ጎን ጎን ትንንሽ ቅርንጫፎች ወጡ። ሚያዝያ ላይ ነጭ አበባ ለበሱ፤ ንቡ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ማሳው ያጉረመርም ጀመር። ዝናሽ ግን አላመነችም፤ በረዶ ይጥላል፣ ወፍ ይጨርሰዋል እያለች እንቅልፍ አጣች። ግንቦት ሲገባ ቀላ።

በዚያ ሳምንት የባሕር ዳሩ መንገድ ተዘግቶ ነበርና ባሕር ዳር ሊሸጥ የታሰበው የመጀመሪያው ለቀማ ደብረ ታቦር ላለ ጁስ ቤት ሄደ። የለቀማው ዕለት እቴነሽ ሳትጠራ የራሷን ቅርጫት ይዛ መጣች። ከዝናሽ አንድ ረድፍ ርቃ እየለቀመች እስከ ረፋድ ስለ ጥጃው ብቻ አወራች። ስለ ልደታው ነገር አላነሳችም፤ ተረስቷልም አላለችም። ቅርጫቷ ሲሞላ አምጥታ ከዝናሽ ቅርጫት ጎን አስቀመጠችው።

ሙላቴ ላይኛውን ግማሽ ለገብስ እያረሰ ነው። ከወሰኑ ሲደርስ በሬዎቹን አቆመ። የእንጆሪው ሥር ከመሬት በታች አልፎ በእሱ በኩል ብዙ ቡቃያ አውጥቷል።

«ወደ እኔ እየመጣ ነው ይህ ነገር» አለ።

ዝናሽ ቀና አለች። ምን ልበል ብላ ስታስብ፣ እሱ እርፉን ከፍ አድርጎ በሬዎቹን ሰፋ አድርጎ አዞራቸው፤ ቡቃያው ሳይነካ አለፈ።