ያልተነበበው ሠንጠረዥ

የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ካጣ ከዓመት በላይ ሆኖታል። የድሮው መጽሔት በደጉ ዘመን የማኅበሩ ኩራት ነበር፤ ኋላ ግን አዘጋጁ አረጁ፣ አንባቢው ሳሳ፣ ጽሑፍ የሚልክ ታጣና ዘይቱ እንዳለቀ ፋኖስ ቀስ ብሎ ጠፋ። መጽሔት የሌለው የሐኪሞች ማኅበር ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዓመት አንዴ ተሰብስቦ ምሳ የሚበላ የወዳጆች ቡድን ነው። ስለዚህ አዲስ ይመረጥ ተባለ። ሦስት መጽሔቶች «የማኅበሩ ልሳን እኛ እንሁን» ብለው አመለከቱ፤ ከሦስቱ አንዱን የሚመርጥ ኮሚቴም ተሰየመ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው። ሁለተኛው አባል ምላጭ የሚሉት ቀዶ ሐኪም ነው፤ ስሙ የወጣለት በእጁ ይሁን በምላሱ እስካሁን ያልተቋጨ ክርክር አለ። ሦስተኛዋ ትንሿ ዶክተር ናት።

ትንሿ ዶክተር ትንሽ አይደለችም። ጠጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሯል፣ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ናት፣ ተለማማጅ ሐኪሞች ከሩቅ ሲያዩዋት የጋውናቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ። ስሙ የወጣላት በአባቷ ምክንያት ነው። አባቷ ትልቁ ዶክተር ናቸው፤ ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ፣ ግማሹን አባል በፈተና ያስለቀሱ መምህር። ጡረታ ከወጡ በኋላም አርፎ መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ በሰፈራቸው ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ከፍተው ጠዋት ጠዋት ሕፃናት ያያሉ። ልጃቸውን መጻፍ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በልጅነቷ የቤት ሥራዋን ይዛ ስትቀርብ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያነቡና፣ ከወደዱት «አጥንት አለው» ይሏታል፤ ካልወደዱት «ሥጋ ብቻ ነው፣ አይቆምም» ብለው ይመልሱላታል።

ፈተናውን ያመጣው ምላጭ ነው።

«ሦስቱም ገምጋሚዎቻችን ጥብቅ ናቸው ይላሉ» አለ በመጀመሪያው ስብሰባ። «ዕቃዬ ብልሽት አለበት ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ የተበላሸ ጽሑፍ እንላክላቸውና ማን እንደሚይዘው እንይ።»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም ይባላል።»

«ማን ይገባበታል? ያላነበበ ነዋ። ያላነበበ ይግባበት።»

ሐሳቡ ለትንሿ ዶክተርም ጣማት። የመጽሔት ሥራ እንዲህ ነው፦ አንድ ሐኪም ጥናት ሲልክ አዘጋጁ የጸሐፊውን ስም ይፍቅና እንዲገመግመው ለሌላ ሐኪም ይሰጠዋል። ገምጋሚው ማን እንደጻፈው አያውቅም፤ ጸሐፊውም ማን እንደገመገመው አይነገረውም። ሁለቱ የሚገናኙት ዓይናቸው ታስሮ ነው ማለት ይቻላል። ይህም የሚደረገው ሰው ለወዳጁ እንዳያዳላ፣ ጠላቱንም እንዳይበቀል ነው። ሐኪም ከመላእክት ወገን ስላልሆነ ደግ ሥርዓት ነው።

ጽሑፉን የጻፈችው እሷ ናት፤ ከሦስቱ ብዕር ያላት እሷ ነበረችና። ጽሑፉ ሕፃናት ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ ስለሚሰጣቸው ሽሮፕ ነው። መደምደሚያው የሽሮፑ መጠን እጥፍ ቢሆን መንቀጥቀጡ ቶሎ ይቆማል፣ ጉዳትም የለውም ይላል። መሐል ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግን እጥፉን ከወሰዱት ሕፃናት የብዙዎቹ ትንፋሽ እንደደከመ፣ የአንዳንዶቹም ጭራሽ እንደቆመ ያሳያል። ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያየ ጀማሪ ተማሪ እንኳ ወንበሩን ገፍቶ ይነሣል። ጥናቱም፣ ቁጥሩም፣ ሕፃናቱም ፈጠራ ናቸው። በሌለ ሐኪም ስም ለሦስቱም መጽሔቶች ላኩትና ለማንም፣ ለትዳር ጓደኛም ሆነ ለወላጅ፣ ትንፍሽ ላይሉ ቃል ተገባቡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትንሿ ዶክተር ደግሞ ቃሏን የምትጠብቅ ሰው ናት፤ በየሳምንቱ ከአባቷ ጋር ምሳ ስትበላ አንዲት ነገር አላመለጣትም።

የሦስቱም መልስ ተሟልቶ የመጣ ዕለት ጠዋት በማኅበሩ ቢሮ ተሰበሰቡ። ጠባብ ክፍል ናት፤ የድሮው መጽሔት ያልተሸጡ ቅጂዎች ጥጉን ይዘው እስከ መስኮቱ ተቆልለው አቧራ ይጠጣሉ።

የመጀመሪያው መጽሔት የገጹ ኅዳግ ሰፍቷል ብሎ ጽሑፉን ሳያነበው መልሶታል።

«ይኼ ሕመምተኛውን ትቶ አንሶላውን የሚያስተካክል ነው» አለ ምላጭ።

ሁለተኛው፣ ከአንድ ትንሽ ሆስፒታል በስስ ወረቀት የሚወጣው፣ የገምጋሚውን ቁጣ እንዳለ ነበር የላከው። «ሠንጠረዡ ሕፃናቱ መተንፈስ አቃታቸው ይላል፤ መደምደሚያው ደህና ናቸው ይላል። ጸሐፊው የገዛ ጽሑፉን አንብቦታል? ይህን ሰው ሕፃን አጠገብ አታስጠጉት።» ሦስቱም ሳቁ። መሰደብ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ሦስተኛው ሁሉም በልቡ ቀድሞ የመረጠው ነው፤ ሽፋኑ ወፍራም፣ በጀርባው የታላላቅ ሐኪሞች ስም የተደረደረበት። ሰብሳቢው መልሱን አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡት።

«ተቀብለውታል» አሉ።

 ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማ ነበር።

«ገምጋሚውስ? ምን አለ?» አለ ምላጭ።

ሰብሳቢው ቀስ ብለው አነበቡ። «ይህ ጽሑፍ አጥንት አለው። ቋንቋው የጠራ፣ መደምደሚያው ለሥራ የሚጠቅም ነው። ሳይነካ ይውጣ። የጸሐፊውን እጅ ቁርጥማት አይንካው።»

ምላጭ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። «ሕፃን የሚገድል ጽሑፍ ልከንለት መረቀን እኮ። ይኼን ሰው ማን ሐኪም አደረገው?»

ትንሿ ዶክተር አልሳቀችም።  ጽሑፍን በአጥንት የሚመዝን በዕድሜዋ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። ባለፈው በምሳ ሰዓት አባቷ ፈገግ እያሉ «ደህና አድርጎ የሚጽፍ ጠፋ ይሉኛል፤ አልጠፋም» ብለዋት ነበር። እሷም ምስጢሯን ልትጠብቅ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች። አሁን ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። አባቷ አርጅተዋል። አእምሯቸው ከድቷቸዋል፤ በዚያ አእምሮ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሕፃናት ያክማሉ። ይህን ማወቅ የነበረባት እሷ አላወቀችም፤ ልጃቸው ሆና፣ ሐኪም ሆና።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ጽሑፉ እንዳይወጣ አሁኑኑ ደውሉላቸው» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ክሊኒኩ ስትደርስ የጠዋቱ ሕመምተኛ አልቆ ነበር። አግዳሚው ወንበር ባዶ ነው፤ ነርሷ የሕፃናት ሚዛኑን ትወለውላለች። አባቷ እንደ ልማዳቸው እጅጌያቸውን እስከ ክርን ጠቅልለው እጃቸውን ይታጠባሉ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሚንቀጠቀጥ ሕፃን መጣልህ እንበል። ሽሮፑን ስንት ትሰጠዋለህ?»

«ደግሞ ትፈትኚኝ ጀመር?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ መጠኑን ከነኪሎው፣ ከነሰዓቱ፣ ባይሻለው ቀጥሎ ከሚደረገው ጋር እንደ ውኃ አወረዱላት። አንድም አልተሳሳቱም። ትንሿ ዶክተር አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። አባቷ ደህና ናቸው። ተመስገን አለች በልቧ።

«ይኼ እንግዲህ የድሮው ነው» አሉ ፎጣ እየሳቡ። «አዲሱ እጥፉ ነው።»

«የቱ አዲሱ?»

«በይ እንግዲህ አትደብቂኝ። ስም ስለተፋቀ የልጄን እጅ የማላውቅ መሰለሽ? ከመጀመሪያው መስመር ነው ያወቅሁሽ። ሕፃን ባይናገርም ሰውነቱ ይናገራል ብለሽ ትጀምሪያለሽ። እሷን አባባል ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?» ዓይናቸው በደስታ ይስቃል። «ልነግርሽ አፌን ሲበላኝ ነው የከረመው። ሥርዓቱ አይፈቅድም ብዬ ዝም አልኩ።»

ሁለቱም ዝም ያሉት ለሥርዓቱ ብለው ኖሯል።

«ሠንጠረዡን አይተኸዋል?»

«ያንቺን ሠንጠረዥ ምን አያለሁ? አንቺ ቁጥር ተሳስተሽ ታውቂያለሽ? ቋንቋውን አነበብኩ፤ ለቁጥሩ አንቺ አለሽ አይደል።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ትንሿ ዶክተር የታመነችው ፈረስ ራሷ መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

«አባባ፣ እጥፉን ለሰው ሰጥተሃል?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የጀመርኩት። ለልብስ ሰፊዋ ልጅ። በድሮው መጠን አልቆምለት ብሎ እናቱን እንቅልፍ ነሥቷት ነበር...» ፊቷን አዩና አቆሙ።

«ጽሑፉ ውሸት ነው። መጽሔቶቹን ልንፈትን እኔ የፈጠርኩት ነው። እጥፉ ትንፋሽ ያቆማል።»

ትልቁ ዶክተር ለአንድ አፍታ ፎጣውን እንደያዙ ቆሙ፤ እንደዚያ ያለ ፊት አባቷ ላይ አይታ አታውቅም። ከዚያ ከመደርደሪያው የትንፋሽ መርጃውን፣ በእጅ የሚጨመቀውን ከረጢት፣ መንጭቀው በዚያው በእርጥብ እጃቸው ወጡ። ነርሷ ስልክ ደወለች። ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም።

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ከዚያው መንገድ ማዶ ነው። መሻገሪያው ላይ መኪኖች እያጓሩባቸው አባቷ እጃቸውን ዘርግተው አለፉ፤ እሷ ከኋላ ትሮጣለች። የስፌት መኪናው ድምፅ ከደጅ ይሰማል። ስልኩን ማን ይስማው?

«ውይ ዶክተር፣ ምነው እርስዎ ራስዎ መጡ?» አለች ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ። ፊቷ በርቷል። «እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ገና እንቅልፍ አገኘልኝ። እኔም ሥራዬን ሠራሁ።»

ሕፃኑ ከመጋረጃው ጀርባ በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተኝቷል። ከንፈሩ ሰማያዊ ቀለም የነካው ይመስላል። ትንሿ ዶክተር ጆሮዋን አፍንጫው ላይ ደፋች፤ ትንፋሹ በመጣ ቁጥር የሚቀጥለው የሚመጣ አይመስልም። አባቷ ተንበርክከው አገጩን ቀና አደረጉ፣ ከረጢቱን አፉና አፍንጫው ላይ ገጥመው መጭመቅ ጀመሩ። ትንሿ ደረት ከፍ ዝቅ አለች።

«ምን ሆነ? ተኝቶ እኮ ነው» አለች እናቱ። «ተኝቶ እኮ ነው፣ ዶክተር።»

«ያልሆነ መጠን ሰጥቼዋለሁ፣ ልጄ» አሉ ትልቁ ዶክተር እጃቸውን ሳያቆሙ። «እኔ ነኝ።»

መኪና ተገኘ። ትልቁ ዶክተር እስከ ሆስፒታሉ ከረጢቱን ከእጃቸው አላወጡም፤ ልጃቸው ልቀበልህ ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ በምትመራው የሕፃናት ክፍል፣ ተለማማጆቹ ግድግዳ ታክከው እያዩ፣ ለሕፃኑ ኦክስጅን ተገጠመለት። ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ በራሱ መተንፈስ ጀመረ። ቀጥሎም አለቀሰ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ ነው። እናቱ ሁለቱን ሐኪሞች ቀና ብላ አላየቻቸውም። ጀርባዋን ሰጥታ የልጇን እግር ይዛ ተቀመጠች።

የትንሿ ዶክተር ስልክ ጮኸ። ሰብሳቢው ናቸው።

«ጽሑፉን አስቁመናል» አሉ። «ምርጫውን ያላንቺ መጨረስ ግን አልወደድንም። ምላጭ የሰደበን መጽሔት ይሁን ይላል፣ እኔም እስማማለሁ።»

«እኔም» አለች።

«ያን ያመሰገነንን ገምጋሚ ማን እንደሆነ አዘጋጁን እንጠይቅ ወይስ ይቅር?»

ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለነበር ድምፁ ለሁሉም ይሰማል። አባቷ እጃቸውን ዘረጉ። ልትከለክላቸው ፈለገች፤ የእሳቸውን ስም አስቀርታ የራሷን ብቻ ልትሰጥ እስከ ሆስፒታሉ ስታስብበት ነበር። የተዘረጋው እጅ ግን አልታጠፈም። ስልኩን ሰጠቻቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ ትልቁ ዶክተር። ከወዲያ በኩል «እርስዎ?» የሚል ድምፅ መጣ። «አዎ፣ እኔው። ለጉባኤውም ራሴ ቆሜ እናገራለሁ። ክሊኒኩን ዛሬ ዘግቻለሁ።»

ስልኩን መለሱላትና «ጽሑፉ በእጅሽ አለ?» አሏት።

ከቦርሳዋ አወጣችው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የቤት ሥራዋን እንደሚያዩበት ጊዜ፣ ሠንጠረዡን በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። አንድ መስመር አልዘለሉም። ጣታቸው ከታች ሲደርስ ቆመ።

«እነዚህ ትንፋሻቸው የቆመው ሕፃናት» አሉ፣ «ነበሩ?»

«የሉም አባባ። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።»

ጣታቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ ወደ አልጋው ዞሩ።

«ይኼ ግን አለ» አሉ።