የቅዳሜ ናፍጣ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጎርፍ ድልድዩን ይዞት ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ንፋስ የጋራዡን ጣራ ግማሹን ገነጠለው። ከተገነጠለው ቆርቆሮ አንዱ ሲወድቅ የመካኒኩን ሚስት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀደዳት። ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሰው አያሻግርም። ያየ ሁሉ እግሯ መቆረጡ አይቀርም አለ። ሥራ የለም። ማገዶው እርጥብ ነው። የሴትዮዋ አልጋ በቀን ሁለቴ ከሚያፈስ ጥግ ወደማያፈስ ጥግ ይጎተታል።

ከወንዙ ወዲህ የቀረች አንዲት ጠና ያለች የጤና ጣቢያ ነርስ ብቻ ነበረች። ሥራዋ በየመንደሩ እየዞሩ እርጉዞችንና አራሶችን ማየት እንጂ ቁስል ማከም አልነበረም። ግን መጣች። ሁለት ወር ሙሉ በየሁለት ቀኑ፣ በሞተር ሳይክሏ ጭቃውን እየሰነጠቀች መጣች። አጠበች፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጣ ጣለች፣ መርፌ ወጋች፣ አሰረች። የመካኒኩ ሚስት እግር ዳነ።

መካኒኩ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ዝናቡ ያባራ ቀን በሩ ላይ አስቆማት።

«ምን ላድርግልሽ?» አላት።

«ምንም። ሥራዬ ነው እኮ ጋሼ።»

«ሥራሽ አይደለም።»

«እንግዲያው ሞተሬን ያጥቡልኝ፤» ብላ ሳቀች። «እስኪ ይዩት፣ ከነጭቃው ሊበቅል ምንም አልቀረው።»

እሷ ለቀልድ ያለችውን እሱ ቃል አድርጎ ያዘው።

እጥበት ደግሞ የሚኮራበት ሥራው ነው። የሰፈሩ ሰው «መስታወት» ይለዋል። ማንኛውንም ሞተር ጠግኖ ሲጨርስ ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ፣ ናፍጣ በአየር ግፊት እየረጨ፣ ከየስርጓጉጡ ጭቃውን ያስተፋዋል። ከዚያ በጨርቅ ይወለውለዋል። ባለሞተሮች «ከመስታወት ጋራዥ የወጣ ሞተር ላይ ጢም መላጨት ይቻላል» እያሉ ይቀልዳሉ። ሌላው ሰው ይህን በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ያገኛል። ነርሷ ግን በየቅዳሜው አገኘች። ዝናብ ቢዘንብ፣ እሱ ቢያመው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሯ ሳይታጠብ ቀርቶ አያውቅም። ሦስት ዓመት።

በሦስተኛው ዓመት በበጋው ነርሷ አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራ መጣች።

«ጋሼ፣ ኋላው ይወዛወዝብኛል። ኩርባ ላይ እኔ ወደ አንድ በኩል፣ እሱ ወደ ሌላ በኩል።»

የጎማውን ንፋስ ለካ። ካቴናውን አጠበቀ። ጎማውን ነቀነቀው፤ ምንም አላገኘም። «ጤነኛ ነው» ብሎ ሰደዳት። በወሩ ቁልቁለቱ ላይ ወደቀች፤ ክርኗ ተላጠ። አዲስ የኋላ ጎማ አስገባላት። በሌላ ወር ደግማ ወደቀች። ያኔ አዲሱ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ስልክ ደወለለት።

«አባቴ፣ ሞተሩ ችግር አለበት?»

«የለበትም፤» አለ መካኒኩ። «በየቅዳሜው በገዛ እጄ ነው የማጥበው።»

ሞተሩን ያመሰገነ መስሎት ነበር። ኃላፊው ግን ቃሉን ጽፎ በነርሷ ፋይል ውስጥ አስገባው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ሞተሯን ጋራዡ በር ላይ አቁማ ገባችና ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠች። የመካኒኩ ሚስት ውሃ አመጣችላት። አልጠጣችም።

«ሰኞ ቁልፉን አስረክባለሁ፤» አለች። «መካኒኩ ራሱ ሞተሩ ጤነኛ ነው ብሏል፣ ስለዚህ የሚጥልሽ እድሜሽ ነው አሉኝ። ሞተሩ ለሌላ ይሰጣል፣ እኔ ካርድ ክፍል እቀመጣለሁ።»

«አንቺ? ካርድ ክፍል?» አለች ሚስቲቱ።

«ከሸንተረሩ ማዶ አሥራ አንድ እርጉዞች አሉኝ። ሌላ ሰው ሲመጣባቸው ይደበቃሉ። እሱም ይቅር፤ ይለመዳል።» ወደ መካኒኩ ዞረች። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሞተሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ? እኔ ከሆንኩ አርፌ እቀመጣለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ አለማወቄ ነው። አሁንማ ገና ሳልነሳ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።»

«እስከ ሰኞ እኔ ጋ ይሁን፤» ብቻ አላት መካኒኩ።

እሷ በእግሯ ስትሄድ ሚስቱ ወገቧን ይዛ ቆመች። «አንተ ሰውዬ፣ ወልውለህ ብቻ ነው እንዴ የምታየው? ፊቱ አማረ ተብሎ አጥንቱ ሳይታይ ይቀራል?»

ነገሩ ሲከነክነው አመሸ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮምፕሬሰሩን ለማስነሳት እጁን ሰደደና ተወው። ሞተሩን ከሆዱ ስር በእንጨት ሣጥን ደግፎ የኋላ ጎማው እንዲንጠለጠል አደረገ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ናጠው። የጎማው ኩሽኔታ ደህና ነው። ጎማውን ፈታ። ንዝረት የሚያበርዱትን ሁለቱን ሾኮች ከታች ብሎናቸውን አውልቆ ለቀቃቸው። አሁን የቀረው ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ባለ ሁለት ክንድ ብረት፣ በጋራዥ ቋንቋ ሹካው፣ ብቻውን ተንጠልጥሎ ነው።

«ነይ እስኪ እሜቴ፤» አላት ሚስቱን። «ጣትሽን እዚህ አድርጊ። ግማሹ ሻንሲው ላይ፣ ግማሹ ሹካው ላይ ይረፍ። ዝም ብለሽ ያዢው።»

የሹካውን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቀኝ ገፋ፣ ወደ ግራ ሳበ።

«ውይ! ጣቴን ነከሰኝ!»

«ምን?»

«ተንቀሳቀሰ እልሃለሁ። አንዱ ሲሄድ አንዱ ይቀራል።»

ደግሞ ገፋ። በዓይን አይታይም፤ የጥፍር ውፍረት ቢሆን ነው። ግን ሥሩ ላይ የጥፍር ውፍረት የሆነው ጎማው ዘንድ ሲደርስ አውራ ጣት ይሆናል፤ ሰው ተጭኖበት በሩጫ ኩርባ ላይ ሲሆን ደግሞ ነርሷን አንስቶ መሬት ላይ ይጥላል። ቀድሞ ሲነቀንቀው ሞተሩ በእግሩ ቆሞ፣ ሾኮቹ ወጥረው ይዘውት ነበር። ሳይፈታ ነው ጤነኛ ያለው።

ሹካው የሚዞርበት ረጅሙ ብሎን አልወጣ አለ። የነሐስ ዘንግ ደግኖ በመዶሻ እየመታ፣ ላብ በላብ ሆኖ አወጣው። ብሎኑ ቡናማ ሆኗል፤ ዝገት ነው። ሁለት ቦታ ላይ ተበልቶ ጥፍር የሚይዝ እርከን አውጥቷል። የሚያልፍባቸው ሁለት የነሐስ ቀለበቶች ክብነታቸውን አጥተዋል። መካኒኩ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ግሪስ የለም። አንድ ጠብታ የለም። ሞተሩ ጋራዡ የገባ ዓመት በገዛ እጁ ሞልቶት ነበር።

ሚስቱ ከሾኩ ጫፍ ላይ የወጣውን የጎማ ቀለበት አንስታ ጨመቀችው። እንደ ራሰ ዳቦ አብጦ በእጇ ላይ ተፈረፈረ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ይሄ ነገር ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።»

መካኒኩ ብሎኑን እንደያዘ ቆመ። ዓይኑ ጥግ ላይ ወደ ተንጠለጠለው የኮምፕሬሰር ቱቦ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ናፍጣ ግሪስ እንደሚያጥብ ያውቃል። እጁን ሁልጊዜ የሚያጸዳው በእሱ ነው። ጎማ እንደሚያልፈሰፍስም ያውቃል። ግን ይህን ከዚያ ጋር አገናኝቶት አያውቅም። በግፊት የተረጨው ናፍጣ ጭቃውን ብቻ ሳይሆን ከየመጋጠሚያው ግሪሱንም ጠርጎ አውጥቶታል፤ የውስጡን አድርቆ ለውሃና ለአቧራ በሩን ከፍቷል። የሌላው ሰው ሞተር ጥቂት ጊዜ ነው የታጠበው። የእሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው።

«እኔ ነኝ፤» አለ በመጨረሻ።

ሚስቱ ገባት። ከጎኑ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። «ማን አየ?» አለች። «አዲስ ግጠምና ሞተሩ አርጅቶ ነበር በል። ለእሷም ይበቃታል። ያንተ ስም ደግሞ ለምን ይጠፋል?»

«ትናንት ጤነኛ ነው ያልኩትን ዛሬ አርጅቷል ብል ማን ያምነኛል? ለሴትዮዋ አዝኖ ነው ይላሉ። ለምን እንደተሳሳትኩ ካልተናገርኩ ዕድሜዋን እንጂ ሞተሩን አይከሱም።»

«መስታወት ነው እኮ ስምህ።»

«ይሰበር።»

ሚስቱ እግሯን ዘርግታ ጠባሳዋን አየችው።

ቀለበቶቹንና ብሎኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ቶርኖ ቤት ሄደ። ባለቶርኖው የልጅነት ባልንጀራው ነው፤ አፉ አያርፍም። የተበላውን ቀለበት ወደ መስኮት አንስቶ አየው።

«ከየት ያመጣኸው እንቁላል ነው?»

«ሥራውን ሥራ።»

«የማን ሞተር ነው? ባለቤቱን ልስደበው።»

«ባለቤቷን ተዋት። የበላው መካኒኳ ነው።»

ባለቶርኖው ቀና ብሎ አየው፤ ፊቱን ሲያይ ቀልዱን ዋጠ። ሁለት አዳዲስ የነሐስ ቀለበቶች አወጣለት፤ አዲስ ብሎንም ሠራለት። ሦስቴ ለካ፤ መካኒኩ አራተኛ አስለካው። ለሾኮቹ የሚሆን የጎማ ቀለበት ከመለዋወጫ ሱቅ አገኘ።

እሑድ ገጠመው። ግሪሱን በጣቱ እየጠቀጠቀ ሞላ። የብሎኑን ዳዶ እንደ ልማዱ እስኪያቃስት አላጠበቀውም። ትንሽ አጠበቀ፤ ሹካውን ወደ ላይ አንስቶ ለቀቀው፤ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጥቂት አላላ። አሁን ሹካው በራሱ ክብደት ቀስ እያለ፣ ሳይጣደፍና ሳይደናቀፍ ወረደ። ሚስቱን ጠርቶ ጣቷን እንድታስቀምጥ አደረጋት። ወደ ቀኝ ገፋ፣ ወደ ግራ ሳበ።

«ነከሰሽ?»

«ጥርሱ ረግፏል፤» አለችው።

ሰኞ ጠዋት የጤና ጣቢያው ግቢ ሞልቷል። ሰዎች አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ደንበኞቹ ናቸው። ነርሷ ቁልፉን ሊረከብ ከመጣው ኃላፊ አጠገብ ቆማለች። መካኒኩ ሞተሩን እየገፋ ገባ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋራዡ ያልታጠበ ሞተር ይዞ ወጥቷል፤ አቧራው እንዳለ ነው። ከኪሱ የተበላውን ቀለበትና የዛገውን ብሎን አውጥቶ በኃላፊው መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው ብዬህ ነበር፤» አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ሐሰት ነው። ሳልፈታ ነው የተናገርኩት። ይህ የኋላ ሹካው የሚዞርበት ነው። ተበልቶ ሲወዛወዝ ነው የጣላት። እሷ አይደለችም።»

ኃላፊው ቀለበቱን አገላበጠው። «አባቴ፣ ለሲስተር አዝነው እንዳይሆን?»

«ምን እንደበላው ልንገርህ። የእኔ ናፍጣ ነው። በየቅዳሜው እየረጨሁ ግሪሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያመሰገንኳት መስሎኝ።»

ከአግዳሚው ላይ አንድ ሰው ብድግ አለ። «የእኔንም አጥበህልኛል እኮ!»

«አውቃለሁ። አምጣው።»

«እኔስ?» አለ ሌላው።

«አንተም አምጣ። ሁላችሁም አምጡ። እፈታዋለሁ።»

«መስታወት የተባለው ለካ ተንሸራተን እንድንወድቅ ነው!» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። መካኒኩ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ኮቱን ቆለፈና ከሞተሩ ኋላ ተቀመጠ። «ሲስተር፣ የወደቅሽበት ቁልቁለት ድረስ ውሰጂኝ።»

ነርሷ መሪውን ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ አየ። ኃላፊውም አይቶ ይሆናል። ሄዱ። መካኒኩ ግድግዳ ተደግፎ ጠበቀ። የሞተሩ ድምፅ ራቀ፣ ከኩርባው ኋላ ጠፋ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ተሰማ።

ሲመለሱ ኃላፊው ነጭ አቧራ ለብሷል። ወርዶ ሱሪውን አራገፈ። «እኔ ከምነዳው በላይ ፈጥና ወሰደችኝ፤» አለ። ወደ መካኒኩ ዞረ። «ፋይሉ ላይ ምን ልጻፍ?»

«የነገርኩህን ጻፍ። ስሜንም ጻፍበት።»

ቁልፉን ማንም አልጠየቃትም። ነርሷ ከሞተሩ ሳትወርድ መካኒኩን አየችው። ልትቆጣ ወይ ልትስቅ፣ አልታወቀም።

«ሦስት ዓመት በየቅዳሜው ሲገድሉኝ ነበራ!»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ በየቅዳሜው ስመርቅዎ ነበር።»

«አዎ።»

ሳቀች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ቀኝ እጇን አንስታ ጣቶቿን ዘረጋችና አሳየችው። አይንቀጠቀጥም። «እዩት፤» አለች። «ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። እጄን መለሱልኝ ጋሼ።»

የመድኃኒት ሣጥኗን አስራ ወደ ሸንተረሩ ወጣች። የኋላው ጎማ የፊተኛውን ዱካ ይዞ፣ ሳይዛነፍ፣ ኩርባውን ዞረ።

መካኒኩ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«ምን አለችህ? ተቆጣች?»

መካኒኩ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። «ሦስት ዓመት ውለታዋን የምከፍል መስሎኝ ስበደር ነበር፤» አላት። «ዛሬ ከፈልኩ።»