የይታየሽ ግራ ዓይን

የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ልጅ ይታየሽ ፎቶ የተነሣችው ለአበርገሌ ሰው ልትዳር ሦስት ቀን ሲቀራት ነበር።

ያኔ ሰቆጣ ውስጥ ፎቶ ቤት የነበረው ምንዋጋው ብቻ ነው። ደሴ ተምሮ ሙያውን ይዞ የተመለሰ፣ ከሰው ይልቅ ከመስኮቱ ጋር ውሎ የሚመሽበት ወንደላጤ ነበር። ገበያተኛው ከሱ የሚፈልገው ጉርድ ፎቶ ነው፤ የሱ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛው ይግዛው የሚልክለትን የሥነ ጥበብ መጽሔት እያገላበጠ፣ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ለማየት ብሎ ለብሶ አጊጦ ስለሚሄድበት አዳራሽ ያልማል። አንድ ጊዜ ይህንኑ እዚያው ዋግ ካለው ዝቋላ ለመጣ አንድ ገበሬ ቢያወራለት፣ ሰውየው አፉን ይዞ፣ "ሳይሳለሙት? እንዲያው አይተውት ብቻ ይመለሳሉ? ምን ሊረባቸው!" ብሎት ነበር።

ይታየሽ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ "ጋሽ ምንዋጋው፣ ለአባቴ ማስታወሻ ነው። ፊቴን ሙሉውን አንሣኝ" አለችው።

እሱ ግን በመስኮቱ የገባው የጠዋት ብርሃን በቀኝ ጉንጯ ወርዶ አንገቷ ላይ ሲያርፍ አየና የተባለውን ረሳው።

"ወደ መስኮቱ ዙሪ። አዎ፣ እንደሱ። እንዳትስቂ።"

"እዚያ ማዶ እኮ የእማማ ማሬ አህያ አመድ ላይ ይንከባለላል! እሱን እያየሁ እንዴት ነው የማልስቀው?"

"ዋጥ አድርጊው።"

ዋጥ አደረገችው። አነሣት። ከዚያ ፊቷን መልሳ ቀሚሷን አስተካከለችና፣ "በል አሁን ደግሞ ፊት ለፊት" አለች።

ምንዋጋው ካሜራውን አየው። ፊልሙ አልቋል። ቀርተውት ከነበሩት ሦስት ሁለቱን እሷ ከመምጣቷ በፊት የመስኮቱን ጥላ ሲያነሣ ጨርሷቸዋል። "ከደሴ ሌላ ፊልም እስኪመጣ ነው" አላት።

"ሲመጣማ እኔ የለሁም።"

"ለፋሲካ ቤተሰብ ልትጠይቂ ስትመጪ አነሣሻለሁ።"

ለፋሲካ አልመጣችም። መሪጌታ ስለ ፎቶው ሲጠይቁት ምንዋጋው "አልደረሰም" ይላቸዋል። ደርሶ ነበር እንጂ። በትልቁ አጥቦ ለይግዛው ልኮታል። በሰኔ ደብዳቤ መጣ፦ ፎቶው ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቅሏል፤ ሥዕል ወዳዱ ሁሉ እሱ ዘንድ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል፤ አንድ ሽማግሌማ ሦስት ቀን ተመላልሰው አይተውታል። ምንዋጋው ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው፤ ተቀምጦ ደገመው። ያን ክረምት ለመጣ ለሄደው እያወራው፣ ወደ ሰማይ የቀረበ ሰው መስሎ ከረመ።

በመስከረም ይታየሽን ቆላው አበርገሌ ላይ ወባ ገደላት። በዚያ ሙቀት ሬሳ አያድርም፤ እዚያው ቀበሯት። መርዶው ሰቆጣ የደረሰው በሳምንቱ ነው። በሩቅ ሞቶ ለተቀበረ ሰው ደግሞ ልብሱ ይዘረጋል፤ ፎቶ ካለውም ከልብሱ በላይ ይቆማል፤ ሰው ፊቱን እያየ ያለቅሳል። መሪጌታ ለቅሶው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ። ጋቢያቸውን ገልብጠው ለብሰዋል።

"ልጄን ስጠኝ" አሉት።

ሰጣቸው። ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ወጡ፤ ብዙ ቆዩ። መለስ ብለው፣ "የቀረውስ?" አሉ።

"ምኑ፣ መሪጌታ?"

"የቀረው ፊቷ።"

ምንዋጋው ያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ገባው። የሰቆጣ ልጅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ነው ያደገው። ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳ፣ ሰይጣንና ጌታን የገረፉት ወታደሮች ናቸው። መሪጌታ ራሳቸው ሠዓሊ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲሥሉ ኖረዋል።

"እንዲህ አድርጌ ሰው ፊት ላቁማት? አገር ምን በደለች ይበል?"

"መሪጌታ፣ ክፉ አስቤ አይደለም። ብርሃኑ አምሮብኝ ነው።"

"አዲስ አበባ ሰው ተሰብስቦ አያት ይላሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ሦስት ቀን ተመላልሰው ያዩዋት ሽማግሌም አሉ።"

"ምን አገኙባት?"

"እርጋታዋን መሰለኝ… ዝምታዋን።"

"ልጄ ዝምተኛ አልነበረችም" አሉ መሪጌታ።

ምንዋጋው "አንድ ቀን ይስጡኝ" ብሎ ጨለማ ክፍሉ ገባ። ፊልሙን ገልብጦ አጠበው፤ ይታየሽ አሁን ወደ ሌላው ጎን ዞረች። ሁለቱን ፎቶ መሐል ለመሐል ቆርጦ ሊገጥማቸው ሞከረ፤ አፍንጫ ከአፍንጫ ተላተመ። እንዲሁ ፊትና ፊት አድርጎ ሰሌዳ ላይ ለጠፋቸውና ይዞላቸው ሄደ።

መሪጌታ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንዷን ልጄን ሁለት አደረግሃት። ዓይኗ ግን አሁንም አንድ ነው።"

ከዚያ ብሩሻቸውንና ቀለማቸውን አወጡ። ቆዳ ወጥረው፣ ፎቶውን አጠገባቸው አቁመው፣ ፊት ለፊት ሊሥሏት ተቀመጡ። ቀኙን ዓይን ከፎቶው እያዩ ሣሉት። ግራው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"አንተ በካሜራው ብዙ አይተሃታል። ግራዋ እንዴት ነበር?"

ምንዋጋው ዓይኑን ጨፈነ። ጉንጯ መጣ፤ አንገቷ መጣ፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው የሹሩባዋ መሥመር ሳይቀር መጣ። ፊት ለፊት ተቀምጣ ያናገረችው ልጅ ግን አልመጣችም።

"እንደ ቀኙ ነው" አለ።

"አይደለም። በልጅነቷ እሾህ ወግቷት ትንሽ ከደን ይል ነበር። ከላይ ይሁን ከታች እንጃ፤ ጠፋኝ።" ብሩሹን አስቀመጡት። "ስንቱን ቅዱስ ዓይን አበራሁ። ከአብራኬ የወጣችዋን ግን አሻግሬ የምሥለውን ግድግዳ ሳይ ኖሬ ለካ አላየኋትም።"

ሰውየው የተናገሩት የራሳቸውን ነበር፤ ምንዋጋው ግን የሱንም ሰማበት።

መሪጌታ ሌላ መላ ስላልነበራቸው እጃቸው የሚያውቀውን ዓይን ሣሉ፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ሙሉ ዓይን። ለእሱ እንዲስማማ ብለው ቀኙንም አሰፉት።

በለቅሶው ጠዋት የይታየሽ እናት ወይዘሮ ወለተ ሐና ወገባቸውን በመቀነት አስረው፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ወጡ። ድንኳኑ ሞልቷል። ጥልፍ ቀሚሷ ተዘርግቷል። ሥዕሉ ከላይ ቆሟል። አልቃሿ ግጥሟን ልትጀምር ጉሮሮዋን ስትጠርግ ወይዘሮ ወለተ ሐና ወደ ሥዕሉ ቀረቡ። ከልማድ የተነሣ ይመስላል፣ ጎንበስ አሉና ተሳለሙት። ቀና ብለው እንደገና አዩት። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው በኽምጥኛ፣ በአገሩ አገውኛ፣ አንድ ነገር ጠየቁ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ሴትየዋ ጥያቄውን ለሰው ሁሉ በአማርኛ ደገሙት።

"ይቺማ እመቤታችን ናት። ልጄስ? ልጄ የታለች?"

አንዲት ሴት ሥዕሉን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ አስገባችው። ምንዋጋው ፎቶውን በኮቱ ውስጥ ይዞ ነበር፤ እጁን ሰደደ፤ ነካው። ለማውጣት ግን አልደፈረም። ወይዘሮ ወለተ ሐና ቀሚሱ ላይ ወድቀው የአንገቱን ጥልፍ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ፊት እንደሚይዙት አድርገው ያዙት። አልቃሿም ፊት ስላልነበረ ቀሚሱን እያየች ጀመረች።