የከዚራው ኒም

ሰገል መጽሐፍ ሻጭ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምታስተዳድረው ሱቅ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። መጽሐፍ የሚያነብ የድሬ ሰው ያውቃታል፤ የማያነበውም ያውቃታል። ከደጃፏ እንደቆመው ኒም ያለ ጥላ በሰፈሩ የለምና፣ ቀጠሮ ያለው ሁሉ «ሰገል በር ላይ እንገናኝ» ነው የሚለው። ዛፉን ከተከሉት የባቡር ሠራተኞች አንዱ አባቷ ነበሩ። ይህን ለአዲስ ደንበኛ ሳትናገር ቀርታ አታውቅም።

በሚያዝያ፣ ሙቀቱ ሲብስ፣ ኒሙ ታመመ። በሱቆቹ በኩል ያለው ቅጠል መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ደረቀ፣ ከዚያ ነፋስ በነካው ቁጥር ይረግፍ ጀመር። የሰፈሩ ሰው እየመጣ ሽቅብ አንጋጦ ከንፈሩን መጠጠ። ከንፈር መምጠጡ ብዙም ሳይቆይ ጣት መቀሰርን አመጣ፤ ጣቱም ሃሊሞ ላይ አረፈ።

ሃሊሞ ከዛፉ ሥር ሻይ እያፈላች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። «የሳሙና ውሃ ትደፋበታለች፤ ትኩስ አመድ ትጥልበታለች፤ ሌላ ማን ይገድለዋል?» ተባለ። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ አየነውም እሁድ ጠዋት እዚያው ዛፉ ሥር ስብሰባ ጠሩ። የሚመከረው ሃሊሞን ከቦታው ስለማስነሣት ነው።

ሃሊሞ ወሬውን እንደሰማች ሰገል ሱቅ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሰገልን በሶማልኛ «አበዮ»፣ እህቴ ብላ ነው የምትጠራት።

«አበዮ፣ ወላሂ እጣቢዬን ቦዩ ውስጥ ነው የምደፋው። አመዴንም ጠዋት ጠዋት በጆንያ አስወስዳለሁ። አንቺ እኮ ታያለሽ!»

«አያለሁ» አለች ሰገል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ሰገልን ይህ ጥያቄ ወጋት። እንደ ሌላው ሁሉ እሷም ዛፉን እያየች ከማዘን በቀር ምንም አላደረገችም ነበር። መነጽሯን አደረገች፣ ሻሿን አጠበቀችና ወጣች።

ግንዱን ዞረችው። ከመንገዱ በኩል ደህና ነው። ከሱቆቹ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት በሚተያይበት፣ ሰው በማያልፍበት ጠባብ ቦታ ግን፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ፣ ቅርፊቱ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣቦች አየች። በዚህ መሐል ጋሽ አየነው መሬቱን በከዘራቸው እየመቱ መጡ።

«እሱን አይቼዋለሁ። ነቀዝ ነው። ሃሊሞ ስላዳከመችው ነቀዝ ገባበት» አሉ።

«ጋሽ አየነው፣ እኔ መጽሐፌን ብል እንዳይበላብኝ ምን እንደማደርግ ያውቃሉ?»

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«የዚህን ዛፍ ቅጠል አድርቄ በየመደርደሪያው እበትናለሁ። ከሌላው ላይ ተባይ የሚያባርር ዛፍ ራሱ በነቀዝ ተበላ ሲሉኝ እንዴት ልመን?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሹ። «እሱስ እውነትሽን ነው» ብለው እሳቸውም ጎንበስ ለማለት ሞከሩ፤ ወገባቸው ግን እምቢ አለ።

ሰገል ከሥር የተጠራቀመውን ብናኝ በጣቷ ዘገነች። ብል የበላው መጽሐፍ ሲራገፍ የሚወጣው ዱቄት ነው፤ ይህ ግን እንደ እርሳስ ቅራጭ የተጠቀለለ ነበር። ከሻሿ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ አንዱን ነጠብጣብ ፈለፈለች። ቀለም ቀቢዎች የግድግዳ ስንጥቅ የሚደፍኑበት ስቱኮ ተሰብሮ ወደቀ። ቀዳዳው ጥልቅ ነው። አፍንጫዋን አስጠጋችና ቶሎ መለሰችው።

«ናፍጣ» አለች። «ሰው ነው የበሳው፣ ጋሽ አየነው። በስቶ ናፍጣ ሞልቶበታል።»

ሽማግሌው ተቆጡ፣ ወዲያው ሰው እንጥራ አሉ። ሰገል ግን እስከ እሁድ ለማንም እንዳይናገሩ አስማለቻቸው። ዛሬ ሃሊሞ ላይ የተቀሰረው ጣት፣ ያለ ማስረጃ ነገ ሌላ ሰው ላይ እንዲዞር አልፈለገችም።

ቤቷ ከሱቁ ጀርባ ነው። በቀትር፣ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ ሃሊሞም ቤቷ ስትገባ፣ ግማሹ ሰው ተኝቶ ግማሹ የጫት በርጫ ላይ ሲሆን፣ እሷ አልጋዋ ላይ ጋደም ትላለች። አሁን ቁጭ ብላ ስታስብ አንድ ድምፅ ትዝ አላት። ቅጠሉ ቢጫ ከመሆኑ በፊት፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያዋ ቆሞባት፣ በሙቀት ስትገላበጥ፣ ከውጭ ጥርርር የሚል ነገር ሰምታለች። ያኔ አንዱ ጎረቤት መደርደሪያ እየሰቀለ ነው ብላ አልፋዋለች። መብራት ከሌለ ግን ድሪሉ በባትሪ የሚሠራ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድሪል በሰፈሩ ያለው ደግሞ ሚክዳድ፣ የዲሽና የሶላር ሠራተኛው ነው።

በባጃጅ ሳቢያን ሰፈር ድረስ ሄዳ አንድ ጣሪያ ላይ አገኘችው።

«እትዬ ሰገል! በዚህ ፀሐይ ምን አመጣሽ?»

«ድሪልህን ለከዚራ ሰው አውሰህ ታውቃለህ?»

«ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለጋሽ ኑሪ። መደርደሪያ ልሰቅል ነው አለኝ። ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

ኑሪ ከእሷ ግድግዳ ቀጥሎ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚሸጥ ጎረቤቷ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ውሃ ወደ ሰፈሩ የገባ ጊዜ የራሱን ዕቃ ትቶ የእሷን መጻሕፍት በትከሻው ያወጣ ሰው ነው።

«ጣሪያው ላይ ያለውን ሶላርስ አንተ ነህ የገጠምክለት?»

«እኔ ነኝ። ግን ምን ዋጋ አለው አቦ! ቀትር ካለፈ ዛፉ ጥላውን ይጥልበታል። ተናድዶ ነበር።»

ሰገል አመስግናው ወረደች። በመልሱ መንገድ ባጃጁ ውስጥ ያሰበችው ኑሪን እንዴት እንደምታጋልጠው አልነበረም። እንዳልተሳሳተች ታውቃለች፤ ልቧ ግን ምነው በተሳሳትሽ ይላት ነበር።

ኑሪ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሰገል ከቀዳዳው የወደቀውን ስቱኮ ከመሀረቧ ፈትታ ባንኮኒው ላይ አኖረችለት። አየው፤ ከዚያ እሷን አየ። አልካደም።

«ሰገል…»

«ለምን፣ ወንድሜ?»

«ቅርንጫፉ ይቆረጥልኝ ብዬ ቀበሌ ሄጄ ለምኜ ነበር። ሳቁብኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዬ ይቆማል፣ ያለኝን ሁሉ እዚያ ሶላር ላይ አፈሰስኩ፣ እሱም ጥላ ሥር ተኛ። አንድ ቀን ንዴት መጣብኝ።»

«ዛፉስ ይሁን። ሃሊሞ ምን አደረገችህ? ስሟ ሲጠፋ እየሰማህ ሻይዋን ትጠጣለህ?»

ኑሪ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ካፈርኩ በኋላ መናገር አቃተኝ።»

«እሁድ ሁሉም ሰው ይመጣል» አለች ሰገል። «እኔ ከተናገርኩ ተያዘ ይሉሃል። አንተ ከተናገርክ ግን ያንን የደቻቱን ቀን የሚያስታውስ ሁሉ ይሰማሃል። ሃሊሞ እንድትነሣ ግን አልፈቅድም። ይህን እወቅ።»

እሁድ የሰፈሩ ሰው ከኒሙ ሥር ተሰበሰበ። ሃሊሞ የሻይ ማንቆርቆሪያዋንና ብርጭቆዎቿን አስቀድማ ጠቅልላ ጥግ ላይ ቆማለች። ጋሽ አየነው በተራቸው ሲናገሩ ዓይናቸው ሰገልን ይፈልጋል። ኑሪ ከኋላ ቆሟል፤ አንገቱን እንዳቀረቀረ ነው። አንዱ ተነሥቶ «እንግዲህ ሃሊሞ ሌላ ቦታ ትፈልግ» አለ። ሁለተኛው ደገፈው። ሰገል ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም፤ ልትነሣ ጉልበቷን ያዘች።

«ቆይ» አለ ኑሪ።

ሰው ዞረ።

«ሃሊሞ ምንም አላደረገችም። ዛፉን የበሳሁት እኔ ነኝ። ናፍጣ የጨመርኩበትም እኔ ነኝ።» ሃሊሞን አያት። «ስትሰደብ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ከዛፉ ይልቅ እሱ ነው የሚከብደኝ። እህቴ፣ አውፍ በይኝ።»

ጫጫታው እስከ ጣቢያው ድረስ ተሰማ። የሰደበ አለ፤ ያለቀሰም አለ፤ ሃሊሞን ሲያማ የከረመው ደግሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጋሽ አየነው ከዘራቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና ወደ ሃሊሞ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ተናገሪ። የተበደልሽው አንቺ ነሽ።»

ሃሊሞ ቀና ብላ ኑሪን አየችው። «እኔ ይቅር ብያለሁ» አለች። «ግን ዛፉን እሱ ያድነው። በገዛ እጁ።»

እንደዚያው ሆነ። ከችግኝ ጣቢያ ባለሙያ መጣና የሞተውን ወገን ቆረጠ፣ ቀዳዳዎቹን አጸዳ፣ የተበከለውን አፈር አስወጣ። ኑሪ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ውሃ ያመላልሳል። ሶላሩን ደግሞ ሰገል ራሷ «ከሱቁ ጀርባ የቤቴ ጣሪያ ላይ ስቀለው፣ የዛፉ ጥላ አይደርስበትም፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው» አለችው። ሚክዳድ ያለ ክፍያ አዛወረው፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም የሰገል ማራገቢያ መዞሩን አያቆምም። ክረምቱ ሲገባ ከግንዱ ላይ አዲስ ቅጠል ፈነዳ። ዛፉ ግማሽ ነው፤ ግን ቆሟል።

ሃሊሞ ጥላውን ተከትላ ወደ መንገዱ ጠጋ ብላለች። ከጀልዴሳ የመጣ ነጋዴም ሆነ ከሁርሶ ለዕረፍት የወጣ ወታደር ሻይ ሊጠጣ ከተቀመጠ፣ ሳይጠይቅ ታሪኩን ይሰማል።

«እዚያ መነጽር አድርጋ የተቀመጠችውን አየሃት? የኛ ሰገል ናት። በአፍንጫዋ ብቻ ነው የደረሰችበት፣ ወላሂ!»

ሰገል ሱቋ ውስጥ መጽሐፍ ገልጣ የምታነብ ትመስላለች። ገጹን ግን አትገልጥም። ሃሊሞ አንድ ነገር ጨምራ ስታወራ ፈገግታዋን ለመደበቅ መጽሐፉን ከፍ ታደርጋለች፤ ስታሳንስ ደግሞ በበሩ ብቅ ብላ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ «በአፍንጫ ብቻ አይደለም፣ ሃሊሞ! በደንብ ተናገሪ እንጂ!» ትላለች።