በጥር የለመለመ ጤፍ

ዓይናዲስ ስልኩን ከነጠላዋ ስር ደብቃ ቁራ ትፈልግ ነበር።

ፍራሹ ላይ አብረዋት የተቀመጡት ሴቶች የምታለቅስ መስሏቸው ድምፃቸውን ቀነሱ። እሷ አንገቷን ደፍታ የባሏን ፎቶዎች በአውራ ጣቷ ትገፋለች። ርግብ፣ ሽኮኮ፣ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ እንሽላሊት፣ ደግሞ ሽኮኮ። ማሩ ገበያው ዳር በነበረችው ጠባብ ሱቁ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጉርድ ፎቶ ሲያነሣ ኖሮ፣ በገዛ ስልኩ ላይ አንድም ሰው አላስቀመጠም።

«አገኘሽ?» አለች ጎረቤቷ አዜብ፣ የንፍሮውን ሳህን እያሳለፈች።

«ሽኮኮ ሞልቷል። ትናንት ግን ሽኮኮ ልከናል።»

«እንግዲያው የተገኘውን ላኪ፤ ረፍዷል።»

ማሩ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እንደ ልማዱ በማለዳ ወጥቶ ሲመለስ መንገድ ዳር ወድቆ ተገኘ፤ ደም ግፊት ነው አሉ። አባቱ አያ ዋሴ የሚኖሩት ርቆ ዛሪማ ነው፤ ልባቸው ደካማ ነው፤ የዛሪማው መንገድ ደግሞ ከሳምንት ወዲህ ተዘግቷል። የማሩ አጎት አያ ዳኛው በቀብሩ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ቆመው ነገሩን ቆረጡት።

«መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሄዶ፣ በማለዳ ጎረቤት ሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነግረው። ወንድሜን በስልክ አልገድልም። መንገዱ እስኪከፈት ማሩ አልሞተም።»

ለሽማግሌውም ደውለው ማሩ ጉሮሮውን ታሟል፣ መናገር አይችልም አሏቸው። ፎቶው ግን መቅረት አልነበረበትም፤ ማሩ በየማለዳው ለአባቱ አንድ ፎቶ ይልክ ነበርና። ይህን ዓይናዲስ ያወቀችው ስልኩ እጇ ከገባ በኋላ ነው።

ቁራው ተገኘ፤ ላከችው። ጥቂት ቆይቶ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«አየሁት ማሩ። ማጅራቱ የነጣው እንደኔ በእርጅና ነው በለው። ጉሮሮህን ማር ላስበት።»

ዓይናዲስ ዓይኗን ጨፈነች። ደክሟታል። ማልቀሱም፣ የመጣውን ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለቱም፣ ከሁሉ በላይ ግን ይህ የሞተ ሰው ሆኖ መዋሉ አደከማት።

በማሩ የማለዳ ጉዞ ስንት ጊዜ ተጣልተዋል። እሱ ሲሄድ ሱቁን የምትከፍተው እሷ ናት። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው፣ እሱ ቦይ ዳር በሆዱ ተኝቶ እንቁራሪት ሲያነሣ ቆይቶ ኮቱ ጭቃ ለብሶ ይመጣል።

«ሰው ዋልያ ሊያይ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ አንተ የጓሮ ቁራ ታነሣለህ» ብላው ነበር አንድ ቀን።

«ቁራስ ቢነሣ ምን አለበት? እሱ እንኳ ኮሌታዬ ተጣመመ ብሎ አይነዘንዘኝም» አለና ሳቀ። ለማን እንደሚያነሣ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም።

አሁን የሽማግሌውን መልእክቶች ወደ ኋላ እየሄደች አንድ በአንድ ሰማች። «ዛሬ ምነው ዘገየህ? ደጃፌ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ።» ሌላው፣ «ሽኮኮዋ ወፍራለች፤ ዘንድሮ ሣሩ ሸጋ ነው ማለት ነው።» ሌላው፣ ከአራት ዓመት በፊት የመጣው፣ «እግሬ ከከዳኝ ወዲህ ከአልጋ እስከ በር ነው ዓለሜ። አንተ ሂድልኝ እንጂ፤ ያየኸውን ላክልኝ።»

ዓይናዲስ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አራት ዓመት ሙሉ ስትጣላ የኖረችው ከአንድ ሽማግሌ እግር ጋር ነበር።

በአራተኛው ቀን ቆቅ ላከች። ሸጋ ቆቅ ናት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ካሜራው ታያለች። መልሱ ግን ቆይቶ ቆይቶ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ድምፁም ዝግ ያለ ነበር።

«ቆቋን አየሁ። ጤፉ ግን ምነው በጥር ለመለመ?»

ፎቶውን እንደገና ከፈተችው። ከቆቋ ኋላ ጤፉ የክረምት አረንጓዴ ሆኖ ተንጣሏል። እሷ ያየችው ወፏን ብቻ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ከዳኛው ጎን ቁጢጥ ብላ መልእክቱን አሰማቻቸው።

«መስኖ ነው በይው» አሉ ዳኛው።

«ጤፍ በመስኖ?» አለ ካርታውን የሚያድለው ጌቾ። «አያ ዋሴን? ስድሳ ዓመት ያረሰ ሰው እኮ ነው። ከዚህስ ስንዴ ነው ብትሉት ይሻላል።»

«አንተ ካርታህን ስጥ» አሉት ዳኛው፤ ከተጫዋቾቹ ፈገግ ያለም ነበር። ወደ እሷ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ የዛሬውን ማሳ ላኪለት። የታጨደውን። ያን ጊዜ ያምናል።»

«የዛሬ ማሳ ከየት አመጣለሁ፣ አያ ዳኛው? የሚያነሣው ሞቷል።»



በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። አዜብ በር ላይ ያዘቻት።

«ሰባትሽ ሳይሞላ? ሰው ምን ይላል?»

«ሥራ ሄደች በያቸው» አለችና አለፈች።

ከመንደሩ በታች ያለው ማሳ ታጭዶ ድርቆሽ መስሏል። ዳገቱ ላይ ቆማ ጠበቀች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ፀሐይ ስትወጣ ሁለት ዋኔዎች፣ የዱር ርግቦች፣ ወርደው የረገፈውን ፍሬ ይለቅሙ ጀመር። ስልኩን አውጥታ አነሣቻቸው፤ ፎቶው ተንጋደደ፤ ከአንደኛዋም ጭራዋ ብቻ ነው የገባው። ቢሆንም ጥር ነው፤ ማሳውም የታጨደ ነው። እዚያው ላከችው።

መልሱ የመጣው ድንኳኑ ደጃፍ ስትደርስ ነው። ጆሮዋ ላይ መለጠፉን ረሳችው፤ ድምፁን ሁሉም ሰማው።

«ዓይናዲስ፣ ልጄ። ማሩ ወፍ የሚያነሣው ተንበርክኮ ነው። ይህን አንቺ ነሽ ቆመሽ ያነሣሽው። ጤፉን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዛሬ በማለዳ ጎረቤቶቼን ጠርቻለሁ፤ የንስሐ አባቴም አጠገቤ ናቸው። ይዘውኛል። ሰው መጥቶ የሚያደርገውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ የቀረው ቃሉ ነው። በይ ንገሪኝ።»

ወንዶቹ ካርታቸውን አስቀመጡ። ዳኛው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጪኝ። እኔ ልንገረው።»

«እኔን ነው የጠየቁት» አለች።

ድንኳኑ ምሰሶ ስር መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ መናገሪያውን በአውራ ጣቷ ተጫነች።

«አባባ» አለች።

ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም። ትንፋሿ ብቻ ይሰማ ነበር። ጣቷን ግን አላነሣችም።